ሐኪም ፊት የሚጠፋው እብጠት

ፈትያ እባላለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ የሴቶች ልብስ እሸጣለሁ፤ ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጻፍ ሥራዬ አይደለም። ግን ታክሲ ውስጥም፣ ሱቅም፣ ለቅሶ ቤትም "ቀኝ ዓይንሽን ምን ነካሽ?" ለሚለኝ ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ስተርክ ምላሴ ዝሏል፤ አንዴ ልጻፈውና ይለይልኝ። "ሌላውን ሰው ያስተምራል" ብለውኛል ደግሞ። ያስተምር፣ እኔ አልጠላም። እኔን ግን አላተረፈኝም፤ ይህንን ከወዲሁ ተናግሬያለሁ። መጨረሻው ላይ እልል የምትሉበት ነገር የምትጠብቁ ካላችሁ እዚሁ ላይ ብትተዉት ይሻላል።

ዕቃ ለማምጣት ባንኮክ መመላለስ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ለእኛ ለሙስሊሞች እዚያ አገር መብላት ጣጣ ነው። የትኛው የአሳማ ሥጋ እንዳለበት፣ የትኛው እንደሌለበት ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ እኔ በሙዝ፣ በዳቦና ከቤት ቋጥሬ በምሄደው በሶ ነበር የምሰነብተው። ከስቼ ስመለስ ባሌ ነስሩ ይቆጣል። ነስሩ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራበት የብረት ቤት አለው፤ ቡታጅራ ተወልዶ ያደገ፣ ምግብ የሚወድ፣ ሰው ቤቱ መጥቶ ካልበላለት የተጣሉት የሚመስለው ሰው ነው። "አንቺ ልብስ ልታመጪ ነው ወይስ ሥጋሽን እዚያ ጥለሽ ልትመጪ ነው የምትሄጂው?" ይለኛል። በዚያን ጊዜ የልደታን መንገድ ለባቡሩ እየቆፈሩት ነበር፤ ሥራም ቀዝቅዞበት ስለነበር "ዘንድሮ አብሬሽ ነው የምሄደው" አለ። ደስ አለኝ። ከተጋባን ወዲህ አብረን የትም ሄደን አናውቅም።

የምሽቱን ጉብኝት ያመጣው እሱ ነው። ያረፍንበት ሆቴል መግቢያ ላይ ፎቶ ተለጥፏል፤ አስጎብኚ ይመደብላችኋል፣ ማታ ማታ የመንገድ ዳር ምግብ ከጋሪ ጋሪ እየዞራችሁ ትቀምሳላችሁ የሚል። ነስሩ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው "ሙስሊም! ኖ ፒግ!" ሲል እንግዳ ተቀባይዋ ሳቀችና አስጎብኚዋ የሙስሊም ምግብ ያለበትን ሁሉ ታውቀዋለች፣ አታስቡ አለችን። ወዲያው ከፈለ። "ዛሬ እንደ ሰው ትበያለሽ" አለኝ። ወላሂ፣ ለእኔ ብሎ ነው። ይህንን እዚህ ላይ መጻፍ ያለብኝ በኋላ ስለ እሱ የምለው ብዙ ስላለኝ ነው።

አስጎብኚያችን ኖይ የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። ከእኛ ሌላ ጥቂት ፈረንጆች አሉ። ፀሐይ ጠልቃ መብራት ሲበራ ጀመርን። ሱብሃነላህ! ያ ከተማ ቤቱ ምጣድ የለውም እንዴ አልን፤ ሁሉም ሰው አስፋልት ዳር ተቀምጦ ይበላል። የሕፃን የሚመስሉ የላስቲክ በርጩማዎች ላይ ጉልበታችን አገጫችን ጋ እየደረሰ ተቀመጥን። መጀመሪያ በኮኮናት ወተት የተጋገረች ትኩስ ነገር፣ ቀጥሎ ማንጎ በሩዝ፣ ከዚያ ሙስሊም ሰፈር ገብተን ዶሮ በቂጣ በላን። የማይሆነን ነገር ባለበት ጋሪ ሁሉ ኖይ ቀድማ እየደረሰች በእጇ ትከለክለናለች። እንደ እህት ነው የተንከባከበችን። ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ "አስጎብኚዋን መክሰስ ነበር" ይላሉ። በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ጉብኝቱ አለቀ። ፈረንጆቹ ፎቶ ሲነሱ ኖይ ለራሷ እራት ልትገዛ ወደ አንዲት ጋሪ ሄደች፤ ባለጋሪዋ ከገጠር የመጣች የአገሯ ልጅ ናት። እኛም ተከተልናት። ሴትዮዋ ነጭ ዓሣ በቢላ አድቅቃ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ በርበሬና ቅጠል ነስንሳበት ትለውሳለች። እሳት የሚባል ነገር አልነካውም። ነስሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ፈትያ! ክትፎ!" አለ።

ኖይ ደንገጥ አለች። "ይሄ የእንግዳ አይደለም። ጥሬ ነው፣ የወንዝ ዓሣ ነው" አለችው በእንግሊዝኛ፤ ደግሞ ይግባው ብላ ሆዷን ይዛ ፊቷን አጨማደደችለት። ነስሩ ከት ብሎ ሳቀ። "ጥሬ? እኛን ነው በጥሬ የምታስፈራሪን? እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ እኮ! ጡት ስተው ክትፎ ነው የያዝኩት!" አላት በአማርኛ፣ እሷ እንደምትሰማው ሁሉ። ባለጋሪዋ ሎሚውን ከፍ አድርጋ እያሳየች አንድ ነገር ተናገረች። "ሎሚው ያበስለዋል እያለች ነው" አለች ኖይ እያቅማማች። በቃ፣ ለነስሩ ነገሩ አለቀለት። ሥጋ ቢሆን ኖሮ በማን እጅ እንደታረደ ስለማናውቅ አንነካውም ነበር። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ባሕር ያወጣው ሁሉ ሐላል ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ያን ምሽት ሙሉ የተጠነቀቅነው ከሐራም ነበር፤ ጥሬ መሆኑ ለእኛ ጭራሽ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

አንድ ሁለት ጊዜ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጠቅለል አድርጎ ወደ እኔ ዘረጋ።

"ጠግቤያለሁ ነስሩ፣ በአላህ" አልኩት።

"ለእኔ ብለሽ።"

"ሆዴ ሞልቷል እኮ።"

"አሳፍረሽኝ ልትቀሪ ነው?"

ፈረንጆቹ ካሜራቸውን ደቅነዋል። ባለጋሪዋ እያጨበጨበች ትስቃለች። እስቲ በሰው ፊት የባሏን ጉርሻ የምትመልስ ሴት አምጡልኝ! ቢስሚላህ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ደገመኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይጣፍጥ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሰን ገና ዕቃዬን ከካርቶን ሳላወጣ ታመምኩ። ልቤ ሥር ቆረጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ ትኩሳት ለቀቀብኝ። እሳት የሆነ ሰውነቴን ይዤ ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደም ወሰዱና "ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ" አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ሄዶ ሁለቱም አሉብህ ሳይባል የተመለሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሐኪሙ "የተለየ ነገር በልተሻል?" ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ልከፍት ስል ነስሩ ቀደመኝ። "ምግብስ አይደለም ዶክተር። ከአንድ ሳህን ነው የበላነው፤ እኔ ይኸው ድንጋይ ነኝ" አለ ደረቱን እየመታ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና መርፌ አዘዘ። ትኩሳቱም ለቀቀኝ።

ወር ያህል ደህና ሆንኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ቀሚስ ሳወርድ ጎኔን አሳከከኝ። ገልጬ ሳየው እንቁላል የሚያክል እብጠት ቀልቶ ተቀምጧል፤ ሲነኩት ይሞቃል። ትኋን ነው ብዬ አንሶላ አጠብኩ። በማግስቱ የለም። በሦስተኛው ቀን ጀርባዬ ላይ ወጣ። ከዚያ ክንዴ ላይ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ። አንድ ቦታ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይሰነብትና ይጠፋል፤ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። የሚሄድ እብጠት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር።

እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ እሷም ጠመንጃ ያዥ ነው የምትኖረው። "ምች ነው" አለች ገና እንዳየችው። "በልተሽ ወዲያው ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ነው። እኔን ልጄን!" ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችኝ፣ አስሸተተችኝ። በነጋታው እብጠቱ ጠፋ፤ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ከሁለት ቀን በኋላ ትከሻዬ ላይ ሲወጣ ግን መሐረቧን ዓይኗ ላይ አደረገች።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። "የት ነው የምትሠሪው?" አለኝ። ሜክሲኮ አልኩት። ሳቀ። እውነቱን ነው፤ በዚያን ወቅት ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ያለው መንገድ ተገልብጦ አቧራው ለጉድ ነበር፣ የምንሸጠው ነጭ ልብስ ሁሉ እስከ ማታ ቡናማ ይሆናል። "የአቧራ አለርጂ ነው" አለኝ፤ ሰውነትሽ አቧራውን ስለጠላው ይቆጣል ማለቱ ነው። ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ እንቅልፍ ብቻ ነበር፤ ሱቄ ውስጥ ደገፍ ባልኩበት እየተኛሁ ደንበኛ ቀስቅሶኝ ይገዛል። እብጠቱ ግን መንገዱን አልተወም።

ሌላ ቦታ ሄድኩ። የደም ምርመራው ላይ ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት በጣም ከፍ ብሏል አሉኝ። "ይሄ በአለርጂም፣ በሆድ ትልም ይጨምራል" አለች ሐኪሟ፤ አለርጂ ተብሎ ስለተጻፈ ለትሉም ለማንኛውም ብላ አንድ ክኒን ጨመረችልኝ። "የበላሽው ያልተለመደ ነገር አለ?" አለችኝ እሷም። ነስሩ አብሮኝ ነበር። አሁንም ያቺኑ ደገማት፤ "አብረን ነው የበላነው፣ እኔ ምንም አልሆንኩም።" እሷም ጥያቄውን ተወችው። እኔም ዝም አልኩ። ነስሩ ሆን ብሎ የደበቀ እንዳይመስላችሁ። ከልቡ ነው የሚያምነው። እኔም አምኜው ነበር፤ ጤነኛ ሰው አጠገቤ ቆሞ እያየሁት እንዴት አላምነውም?

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን ይሄ አይደለም። እብጠቱ ሐኪም ፊት ይጠፋል! አንድ ጠዋት ክንዴ ላይ ቡጢ የሚያክል ሆኖ ወጣ። አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬስ ያዝኩህ ብዬ ሱቁን ሳልከፍት በታክሲ በረርኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ወረፋ ያዝኩ። የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር የተቀመጠበት ያውቀዋል፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስም ይጠራል፣ የአንተ አይደለም። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ክንዴ እየጎደለ መጣ። እጄን እቅፍ አድርጌ "እባክህ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ" እያልኩ እለምነዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሰምተውኝ ኖሯል። "ልጄ፣ ማንን ነው የምታናግሪው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። እንደ እብድ ያዩኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ካርዳቸውን አውጥተው "በይ የእኔን ተራ ግቢ፣ እኔ ዛሬ መሄጃ የለኝም" አሉኝ። አላህ ይስጣቸው። ገባሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ክንዴ እንደማንም ሰው ክንድ ነው።

"የቱ ጋ ነው?" አለኝ ሐኪሙ።

"አሁን እዚህ ነበር" አልኩት።

አየኝ። "እንቅልፍ ትተኛለሽ? የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ? ቤት ውስጥ ሰላም ነው?" ማለት ጀመረ። የጭንቀት መድኃኒት ጽፎ ሰጠኝ። ወጥቼ ሽማግሌው አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነስሩም መጠራጠር ጀመረ። ሌሊት ነቅቼ ከቆዳዬ ሥር የሚሄድ ነገር እየተሰማኝ "ነስሩ፣ ንካው፣ ንካው" ስለው መብራት ያበራል፣ ይዳብሰኛል፣ ምንም የለም። "ፈትያ፣ ባትሄጂ ይሻላል፤ ሐኪም ቤቱ ነው የሚያሳምምሽ" አለኝ አንድ ቀን። ሱቁ መዘጋቱ፣ የታዘዘ ሁሉ መገዛቱ እሱንም አስመርሮታል። አልፈረድኩበትም ልበል? ፈርጄበታለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ እሱን መቀስቀስ ተውኩ፤ ብቻዬን ሲነጋ እጠብቃለሁ።

አንድ ጠዋት ስነሳ የቀኝ ዓይኔ ቆብ አብጦ ዓይኔ ተከድኗል። እናቴ "ይሄማ የሰው ዓይን ነው፤ ሱቅሽን ያየ ሁሉ ይመኝ ነበር" አለችና ሼህ ዘንድ ወሰደችኝ፤ ዱዓ አደረጉልኝ። ስለ ዱዓው ክፉ አልናገርም፤ በዚያ ሁሉ ወራት ሰው እጁን ዘርግቶ ለእኔ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ልቤ ረጋ አለ። እብጠቱም ጎደለ። ሄደልኝ አልኩ። እሱ ግን ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም። ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በሳምንቱ ሱቅ ውስጥ የቀሚስ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ክር አየሁ። ልነጥቀው እጄን ስሰድ ክሩ የለም። ግድግዳውን አየሁ፤ ክሩ ግድግዳው ላይ አለ። ጣሪያውን አየሁ፤ ጣሪያው ላይ አለ። ግራ ዓይኔን ስጨፍን ይብሳል፣ ቀኙን ስጨፍን ይጠፋል። ያ ክር ይጥመለመላል። ደንበኛዬ "ምነው ፈትያ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ውስጥ ቀይ ነገር ከላይ ወደ ታች ፈሰሰ፤ ከዚያ ሕመሙ መጣ። የወለደች ሴት ነኝ፤ ምጥ አውቃለሁ። ይሄ ሌላ ነው።

ነስሩ በኮንትራት ታክሲ ዓይን ሐኪም ቤት ይዞኝ በረረ። ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። አገጬን መሣሪያው ላይ አስቀምጣ በመብራት አየችኝ። አየችኝ። ደግማ አየችኝ። ተነስታ ወጥታ ሌላ ሐኪም ጠርታ መጣች፤ እሱም አየና "አላምንም" አለ በሹክሹክታ። እኔ ሰምቻለሁ።

"ምንድን ነው ዶክተር?" አልኳት።

"ዓይንሽ ውስጥ ትል አለ" አለችኝ። "በሕይወት ያለ ነው፣ ይንቀሳቀሳል።"

ያ አላህ! ምን እንዳልኩ አላውቅም። ነስሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ "ከአገር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ይህንን ጥያቄ እስከዚያን ቀን ድረስ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ባንኮክ አልኳት። "እዚያ ያልበሰለ ነገር በልተሻል?" ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመልስልኝ ነስሩ ነበር። ዘወር ብዬ ጠበቅሁት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ጠበቅሁ።

"ዓሣ" አለ። ግድግዳውን ለቆ ወደ ሐኪሟ ቀረበ። "ጥሬ ዓሣ። እሷ አልፈለገችም። እኔ ነኝ ያጎረስኳት።"

ሐኪሟ ያስረዳችኝን በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ። እንደዚያ አገር ባለ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ውስጥ የሚኖር ትል አለ። ሰው ጥሬውን ሲበላው ትሉ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ግን የሰው ሆድ ቤቱ ስላልሆነ አያድግም፣ አይወጣም፣ መውጫ ፍለጋ ሥጋ ለሥጋ ይዞራል። የሚሄደው እብጠት እሱ ነበር። ሎሚ አይገድለውም፣ በርበሬ አይገድለውም፤ በደንብ ማብሰል ነው የሚገድለው። "አብረን በልተን እኔ ለምን ደህና ሆንኩ?" አላት ነስሩ። "ትሉ ያለው በአንዱ ጉርሻ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ያ ጉርሻ ለእሷ ደረሳት" አለችው። ቀድመን ብንናገር ኖሮ ገና ከቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት ይሰጠኝ እንደነበርም ጨመረች። ልትወቅሰን አልነበረም፤ ስለጠየቅናት ነው።

ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ትሉን አወጡት። ልየው አልኩ፤ በትንሽ ጠርሙስ አሳዩኝ። የጥፍር ቁራጭ አይሞላም፤ ይሄ ነው እንዴ? አልኩ። የዓይኔን የጀርባ ሽፋን፣ ብርሃን የሚቀበለውን ማለት ነው፣ ቀዶት ስለነበር እይታዬ አልተመለሰም። ፋሻው ሲፈታ ሐኪሟ መብራት እያበራች "ይታይሻል? አሁንስ?" ትለኛለች። መብራቱን ባላየውም ሙቀቱ ፊቴ ላይ ይሰማኝ ስለነበር ላስደስታት ብዬ "አዎ" አልኳት። መብራቱን አጥፍታ "አሁንስ?" አለችኝ። አሁንም "አዎ" አልኩ። እጄን ያዘችኝ።

የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ወሰድኩ። "አሁን ነጻ ነኝ?" ስላት "አንድ ብቻ ከነበረ አዎ" አለችኝ። ሌላ ቢኖርስ? ለዓመታት ሰው ገላ ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ደግሞ መኖር አለመኖሩን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ አላገኘንም። እና እኔ በዚህ ዓይነት ነው የምኖረው። ትንኝ ስትነክሰኝ እደነግጣለሁ። ቦታው ቀልቶ እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ግራ ዓይኔን በቀን ስንት ጊዜ በመስታወት እንደማየው አትጠይቁኝ። "አልሃምዱሊላህ በይ፣ አንዱ አለልሽ" ይሉኛል። አልሃምዱሊላህ። ግን የቀረው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው የምፈራው፤ ይህንን የሚረዳኝ ሰው የለም።

አንድ ማታ ነስሩን "ለምን አንተን አልያዘህም?" አልኩት። እራት ላይ ነበርን፤ እሱ ያኔ ምግብ መብላት ትቶ ነበር።

"ምነው እኔን ባደረገው" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። "ምነው አንተን ባደረገው።"

ከአፌ ወጣ። አልመለስኩትም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ይሰማኛል። ለእኔ ብሎ እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ግን ማወቄ ብርሃን አይሆነኝም። ምን ላድርግ?

ለምታነቡ ሰዎች የምለው ይሄ ነው። አገር ስትዞሩ ብሉ፣ እኔ አትብሉ አልልም፤ የበሰለውን ብሉ። "እኛ ጥሬ የለመድን ነን" አትበሉ፤ የለመድነው የራሳችንን ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ባትጠየቁም የት እንደነበራችሁ፣ ምን እንደበላችሁ ተናገሩ፤ ባላችሁ ቢያፍርም፣ ሚስታችሁ ብታፍርም። አብሮኝ የበላው ደህና ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። እብጠት ከቦታ ቦታ ከሄደ ስልካችሁ ካሜራ አለው፣ ወዲያው አንሱት። እኔ እነዚያን ሁሉ ወራት ስልኬን ይዤ የልብስ ፎቶ ብቻ ነበር የማነሳበት።

አሁን ሱቄን ከፍቻለሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተኛል፤ ደንበኞቼ ያስገቡልኛል። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ጠርዙን እስታለሁ። ማታ ማታ ነስሩ መጥቶ ይወስደኛል፤ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በእግራችን እንሄዳለን። ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነው የሚሄደው፣ በማላይበት። "በግራዬ ሁን፣ ከማን ጋር እንደምሄድ ልየው" እለዋለሁ። "በዚህ በኩል መኪና አለ፣ እንዳይገጭሽ ነው" ይለኛል። ይጠብቀኛል ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የጫማ ቤት መስታወት ፊት ቆም አልኩ፤ ጫማውን ልይ ብዬ። መስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም ቆመናል። ነስሩ በቀኜ ነው፣ እጄን ይዟል፣ ጫማውን አያይም። እኔን ነው የሚያየው። እንባው እስከ ጺሙ ወርዷል፤ አይጠርገውም፣ ድምፅ የለውም፣ እንደለመደው ሰው ዝም ብሎ ይፈስሳል። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ማታ፣ በማላይበት በኩል እንደዚህ ሆኖ ነበር የሚሄደው።

"ምን አየሽ?" አለኝ። ድምፁ ደህና ነው።

"ጫማ" አልኩት። እጁን አልለቀቅሁም። መንገዳችንን ቀጠልን። ከዚያ ወዲህ በግራዬ ሁን ብዬው አላውቅም።